የዲዛይን ሥራን ከስቶርና ከሒሳብ ጋር የሚያገናኝ የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አመራረጥ፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ አምራቾች

በኮምቦልቻና በደሴ በብረታ ብረትና በማሽነሪ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ወርክሾፖች ዲዛይናቸውን በአውቶካድ ወይም በሶሊድወርክስ ይሠራሉ፤ ሒሳባቸውን በፒችትሪ ይይዛሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ፣ ማለትም የትኛው ዕቃ በምን ያህል መጠን ይገዛ፣ ከስቶር ስንት ይውጣ፣ የትኛው ንድፍ ወደ ወርክሾፕ ይውረድ የሚለውን ደግሞ በኤክሴልና በቴሌግራም መልእክት ይወጡታል። ትእዛዙ ጥቂት ሲሆን ይህ አካሄድ ያዘልቃል። ትእዛዝ ሲበዛና ደንበኛው በየመሐሉ ለውጥ ሲጠይቅ ግን ዲዛይነሩ የላሜራውን ውፍረት ከ2 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ለውጦ ሳለ ግዥ ክፍሉ በቀድሞው ዝርዝር ገዝቶ ይገኛል፤ ቆራጩም ያለፈው ሳምንት የታተመውን ንድፍ ይዞ ይቆርጣል። ኪሳራው በአንድ ቀን ስለማይታይ ባለቤቱ ምርቱ ለምን እንዳላተረፈ የሚያውቀው ዓመቱ ሲዘጋ ነው።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት የሚገዛው ሶፍትዌር በተለምዶ ኢአርፒ ይባላል፤ ግዥን፣ ስቶርን፣ ምርትን፣ ሽያጭንና ሒሳብን በአንድ የመረጃ ቋት ያስተዳድራል። ገበያ ላይ ያለው ኢአርፒ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዲዛይን ሶፍትዌር ጋር እንደሚገናኝ ይነገርለታል፤ የግንኙነቱ ጥራት ግን እጅግ ይለያያል። በእኔ እምነት አንድ አምራች ሶፍትዌሩን ሊመዝንበት የሚገባው መለኪያ አንድ ነው፤ የራሱ የሆነ አንድ ንድፍ ከዲዛይነሩ ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ በስቶርና በወርክሾፕ አልፎ፣ ደረሰኝ እስኪቆረጥበት ድረስ ሳይዛነፍ መጓዝ መቻሉ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ይህን መለኪያ በተግባር ለማዋል የሚረዳ ነው።

ቅድሚያ የራስን አሠራር መመርመር

አቅራቢ ከመጥራትዎ በፊት ድርጅትዎ ደጋግሞ የሚሠራውን አንድ ምርት ይምረጡ። ለምሳሌ በቆቦና በሐብሩ ቆላ ማሽላ ለሚያመርቱ ገበሬዎች የሚሸጥ የእህል መውቂያ ማሽን እንውሰድ። ንድፉን ማን ይሠራል፣ ማን ያጸድቃል፣ የግብዓት ዝርዝሩን ማን ያወጣል፣ ስቶር ውስጥ ያለውን ማን ያጣራል፣ ፕሮፎርማ ማን ይሰበስባል፣ የተቆረጠው ብረት ትርፍራፊ የት ይቀመጣል፣ የአንዱ ማሽን ወጪ በማን ይሰላል የሚሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ይጻፉ። ጽሑፉን ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ቢያዘጋጀው ሥራው መሆን ያለበትን እንጂ የሚሆነውን አያሳይም፤ ስለዚህ ዲዛይነሩ፣ ስቶር ኪፐሩ፣ የወርክሾፑ ኃላፊና ሒሳብ ሠራተኛዋ አብረው ተቀምጠው ሊጽፉት ይገባል። ብዙውን ጊዜ በዚህ ስብሰባ ላይ አንድ ውሳኔ በሁለት ሰዎች እንደሚሰጥ፣ ሌላው ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ይገለጣል። ይህን ሶፍትዌር አይፈታውም፤ አስቀድሞ መፈታት አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የመለያ ቁጥር ጉዳይ ነው። የማንኛውም የዲዛይንና የኢአርፒ ግንኙነት መሠረቱ እያንዳንዱ ዕቃ በሁለቱም ቦታ በአንድ ኮድ መጠራቱ ነው። ዲዛይነሩ «ቦልት ኤም 10 በ30» ብሎ የጻፈውን ስቶር ኪፐሩ «ቡሎን 10» ብሎ መዝግቦት ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች እንዳሉ ቆጥሮ መደርደሪያ ላይ በካርቶን ያለውን ቡሎን እንደገና እንዲገዛ ያዛል። ኮዱ አጭርና ትርጉም ያልተጫነበት ተራ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል። የዕቃውን ዓይነት፣ ውፍረትና የአቅራቢውን ስም ሁሉ በኮዱ ውስጥ ለመጨመር የሚሞክሩ ድርጅቶች አቅራቢው ሲቀየር ወይም አዲስ ዓይነት ዕቃ ሲመጣ ኮዳቸው ይፈርስባቸዋል፤ መግለጫው በመግለጫ ቦታው ይጻፍ፣ ኮዱ ለመለየት ብቻ ያገልግል። ይህ የጽዳት ሥራ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም ወጪዎች በላይ የሚያዋጣ ስለሆነ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ የሚተው ሥራ አይደለም።

«ይገናኛል» ሲባል ምን ማለት ነው

አቅራቢዎች «ሶፍትዌራችን ከአውቶካድ ጋር ይገናኛል» ሲሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለታቸው ነው። የመጀመሪያውና ዝቅተኛው ደረጃ የንድፉን ፋይል በኢአርፒው ውስጥ ካለው የዕቃ መዝገብ ጋር ማያያዝ ነው። ፋይሉ ይከፈታል፣ ይታያል፤ በውስጡ ያለውን ዝርዝር ግን ኢአርፒው አያነበውም። ሁለተኛው ደረጃ ዲዛይን ሶፍትዌሩ የግብዓት ዝርዝሩን በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ፋይል (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) አውጥቶ ኢአርፒው እንዲቀበለው ማድረግ ነው። ሦስተኛው በዲዛይን ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጫን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ወይም በኤፒአይ፣ ማለትም ሁለት ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት በር፣ የተሠራ ማገናኛ ሲሆን፣ ዲዛይነሩ ከካዱ (ከዲዛይን ሶፍትዌሩ) ሳይወጣ የስቶሩን ዕቃና ዋጋ ያያል፣ ዝርዝሩንም በአንድ ትእዛዝ ይልካል፤ ኮዱና መግለጫውም ከኢአርፒው ወደ ንድፉ ይመለሳል።

ሦስተኛው ደረጃ የሁሉም ሰው ፍላጎት ቢሆንም ለሁሉም አስፈላጊ አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ዲዛይነር ላለው፣ ምርቶቹም በወር ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚለወጡበት ወርክሾፕ፣ ሁለተኛው ደረጃ በሥርዓት ከተያዘ በቂ ነው፤ ቀሪውን ገንዘብ በሥልጠናና በኮድ ጽዳት ላይ ቢያውለው የተሻለ ውጤት ያገኛል። በየትእዛዙ የተለየ ንድፍ የሚሠራ፣ ለምሳሌ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላሉ ፋብሪካዎች መለዋወጫና ልዩ ልዩ መደርደሪያዎችን በልካቸው የሚያመርት ድርጅት ግን ዝርዝሩን በየቀኑ በእጅ ማስገባት ስሕተት ስለሚያበዛበት ወደ ሦስተኛው ደረጃ ቢሄድ ወጪውን ይመልሳል።

በዚህ ላይ ሳይታዩ የሚያልፉ ገደቦች አሉ። አውቶካድ ኤልቲ የሚባለው ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ስሪት እስከ 2023ቱ እትም ድረስ አውቶሊስፕን፣ ማለትም የአውቶካድን ሥራ በትእዛዝ የሚያስኬደውን ቋንቋ፣ አይቀበልም ነበር፤ በ2024ቱ እትም አውቶሊስፕ ቢጨመርለትም ብዙ ማገናኛዎች የሚሠሩባቸውን በማይክሮሶፍት ዶትኔት የተጻፉ ፕለጊኖች አሁንም አይቀበልም። የንድፍ ፋይሎችን የሚያስተዳድረው ሶሊድወርክስ ፒዲኤም ስታንዳርድ ከሶሊድወርክስ ፕሮፌሽናልና ፕሪሚየም ጋር አብሮ ቢመጣም ኤፒአይ የለውም፤ ከኢአርፒ ጋር በኤክስኤምኤል ወይም በፕሮግራም ለማገናኘት ፒዲኤም ፕሮፌሽናል ያስፈልጋል። የአውቶካድ አምራች የሆነው የኦቶዴስክ የፋይል ማስተዳደሪያ በሆነው በቮልት በኩልም የዕቃና የግብዓት ዝርዝር አስተዳደር የሚገኘው በቮልት ፕሮፌሽናል ውስጥ ነው። ስለዚህ አቅራቢውን ሲጠይቁ የዲዛይን ሶፍትዌርዎን ስም ብቻ አይንገሩት፤ ስሪቱንና የዓመቱን እትም ጭምር ጽፈው ይስጡት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ፈቃድ በሌለው ቅጂ ላይ የቆመ ማገናኛ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል፤ ሲበላሽም አምራቹ ድጋፍ አይሰጥበትም። የፈቃድ ዋጋ ከአቅም በላይ ለሆነበት ወርክሾፕ ነፃና ክፍት የሆነው ፍሪካድ አለ፤ የ1.0 እትሙ በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ የስቴፕ ፋይሎችን (በተለያዩ የዲዛይን ሶፍትዌሮች የሚከፈቱ የንድፍ ፋይሎችን) ያነባል፣ በፓይተን ቋንቋም ዝርዝር እንዲያወጣ ሊታዘዝ ይችላል።

የንድፉ ዝርዝርና የወርክሾፑ ዝርዝር

ከዲዛይን የሚወጣው ዝርዝር ምርቱ ሲያልቅ በላዩ ላይ የሚታዩትን ነገሮች ይዘረዝራል። ወርክሾፑ የሚፈልገው ዝርዝር ግን ምርቱን ለመሥራት የሚጠፋውን ሁሉ ነው። የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ቀለም፣ ቲነር፣ የመቁረጫ ዲስክ፣ ቅባት በንድፉ ላይ አይሣሉም፤ ከስቶር ግን ይወጣሉ፣ ዋጋም አላቸው። በተቃራኒው ዲዛይነሩ ለራሱ አመቺነት በአንድ ስብስብ ያስቀመጣቸው ፓርቶች በወርክሾፕ ውስጥ አንድ ላይ የማይገጠሙ፣ በስቶርም በስብስብ መልክ የማይቀመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ መሆን አለባቸው ብሎ የሚያስብ ሶፍትዌር ዲዛይነሩን ቀለም እንዲሥል ያስገድደዋል፤ ወይም የወጪ ስሌቱን ጎዶሎ ያደርገዋል። ጥሩው ሶፍትዌር የንድፉን ዝርዝር ይቀበልና በላዩ ላይ የወርክሾፑ ኃላፊ እንዲጨምርና እንዲያስተካክል ይፈቅዳል፤ ንድፉ ዳግመኛ ሲመጣም የተጨመረውን አያጠፋም። የመጨረሻዋ ነጥብ ወሳኝ ናት። አንዳንድ ማገናኛዎች አዲሱን ዝርዝር ሲያስገቡ የቆየውን ሙሉ በሙሉ ይተኩታልና፣ ኃላፊው የጨመረው ኤሌክትሮድና ቀለም ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

የመለኪያ ልዩነትም ከዚሁ ጋር ይታያል። ካዱ እህል የሚገባበት አፍ ከባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲሠራ ክብደቱን በኪሎ ግራም ያሰላል። ስቶር ውስጥ ያለው ግን 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ሙሉ ላሜራ ነው። የብረት እፍጋት በሜትር ኩብ 7850 ኪሎ ግራም ሲወሰድ የዚህ ላሜራ ክብደት 31.4 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ ኪሎን ወደ ላሜራ የሚቀይርበት ቦታ ከሌለው ስቶር ኪፐሩ በየዕለቱ በካልኩሌተር ሊያሰላ ነው።

የቱቦላሬውን፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነውን ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ጉዳይ ጠጋ ብለን እንየው። የማሽኑ እግርና ማቀፊያ ከባለ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ የሚሠራ ቢሆንና ለአንድ ማሽን እያንዳንዱ 1.4 ሜትር የሆነ 7 ቁራጭ ቢያስፈልግ፣ ለ10 ማሽን 70 ቁራጭ፣ በጠቅላላው 98 ሜትር ይሆናል። ቱቦላሬው በ6 ሜትር ዘንግ ስለሚሸጥ ሶፍትዌሩ 98ን ለ6 አካፍሎ 17 ዘንግ እንዲገዛ ያዛል። ነገር ግን ከአንድ 6 ሜትር ዘንግ የሚወጣው 4 ቁራጭ ብቻ ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ከ17 ዘንግ የሚገኘው 68 ቁራጭ ስለሆነ ሁለት ቁራጭ ይጎድላል፤ አሥረኛው ማሽን አንድ ዘንግ እስኪገዛ ቆሞ ይጠብቃል። በርዝመት የሚያስብ ሶፍትዌር 17 ይላል፤ በአቆራረጥ የሚያስብ ሶፍትዌር 18 ይላል። ይህን ስሌት ለአቅራቢው አስቀድመው ሳይነግሩ ቁጥሮቹን ብቻ ሰጥተው ውጤቱን ይጠብቁ። ሶፍትዌሩ አቆራረጥን የማያሰላ ቢሆን እንኳ የብክነት መቶኛ ማስገቢያ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ የተረፈውን 40 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ደግሞ ተመልሶ ወደ ስቶር እንዲገባና በሌላ ትእዛዝ እንዲያገለግል መመዝገብ መቻል አለበት።

ንድፍ ሲለወጥ

አንድ ንድፍ ከተለወጠ በኋላ የሚፈጠረው ነገር የሶፍትዌሩን ብቃት ከምንም በላይ ያሳያል። አምስት ማሽን በመሠራት ላይ ሳለ ዲዛይነሩ የኩሽኔታውን ዓይነት ቢለውጥ፣ ሥራው የተጀመረው በቀድሞው ዝርዝር ይጨረስ ወይስ በአዲሱ? ስቶር ውስጥ የቀረው የቀድሞው ኩሽኔታ ለመለዋወጫ ይቀመጥ ወይስ ይሸጥ? ለግዥ የወጣው ትእዛዝ ይሰረዝ? ውሳኔው የሰው ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ጥያቄው እንዳይረሳ ማድረግ፣ ማን መቼ እንደወሰነ መመዝገብና የተሻረው ንድፍ ወደ ወርክሾፕ እንዳይወርድ መከልከል ይኖርበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደንበኛው መለዋወጫ ፈልጎ ሲመጣም የእሱ ማሽን በየትኛው ሪቪዥን (የንድፉ የማሻሻያ እትም) እንደተሠራ ከመለያ ቁጥሩ መገኘት አለበት።

በዚህ ረገድ ኢአርፒኔክስት የተባለው ኢአርፒ የሚከተለው ሥርዓት ያስመሰግነዋል፤ አንድ የግብዓት ዝርዝር ከጸደቀ በኋላ ሊታረም አይችልም፣ ለውጥ ሲኖር አዲስ ዝርዝር ይዘጋጃል፣ የቀድሞው ለታሪክ ይቀራል። ሌላው ኢአርፒ ኦዱ ለንድፍ ለውጥ አስተዳደር ራሱን የቻለ ሞጁል (የሶፍትዌሩ ክፍል) አለው፤ ሆኖም የሚገኘው በሚከፈልበት የኢንተርፕራይዝ እትም ውስጥ ብቻ ነው።

ኢአርፒኔክስትና የኦዱ ነፃ እትም ክፍት ምንጭ ያላቸው፣ ማለትም ኮዳቸውን ማንም ሊያይና ሊያሻሽል የሚችል፣ በመሆናቸው ለመካከለኛ ወርክሾፕ በቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸው ይመስለኛል። ኢአርፒኔክስት ሒሳብንም ምርትንም በነፃው እትም ይሰጣል፤ የኦዱ ነፃ እትም የምርት ሞጁል ቢኖረውም ሙሉው የሒሳብ ሥራ በሚከፈልበት እትም ውስጥ ነው። ሁለቱም ኤፒአይ ስላላቸው ፓይተን የሚችል ባለሙያ ከካድ ጋር ሊያገናኛቸው ይችላል። ማይክሮሶፍት ቢዝነስ ሴንትራልና ኤስኤፒ ቢዝነስ ዋን ለትላልቅ ፋብሪካዎች የሚስማሙ ሲሆኑ የሚገዙትም የሚተከሉትም በአጋር ድርጅቶች በኩል ነው፤ ለእነዚህ እንደ ካድሊንክ ያሉ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ማገናኛዎች አሉ። ፒችትሪ መልካም የሒሳብ መዝገብ ነው፤ የንድፍ ሪቪዥንን እንዲያስተዳድር ግን አልተሠራም፤ ስለዚህ ከእሱ ጋር ለመቀጠል የሚሻ ድርጅት ምርትና ስቶርን በሌላ ሶፍትዌር ይዞ የሒሳቡን ድምር ብቻ ቢያስተላልፍ ይሻለዋል።

ፊደል፣ ዘመን አቆጣጠርና መብራት

ውጭ አገር በተጻፉ የምርጫ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኙ፣ እኛ ጋ ግን ሥራውን የሚያቆሙ ጉዳዮች እነዚህ ናቸው።

የአማርኛ ጽሑፍ ከካድ ወደ ኢአርፒ ሲሻገር በሦስት ቦታ ይሰናከላል። አንደኛ፣ ኤስኤችኤክስ የሚባሉት የአውቶካድ የራሱ ፎንቶች የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው በንድፉ ላይ የሚጻፈው አማርኛ የግእዝ ፊደል ባለው በትሩታይፕ (በተለመደው የዊንዶውስ) ፎንት መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ከዩኒኮድ (የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በአንድ ሥርዓት ከሚይዘው የኮምፒውተር መለያ) በፊት በነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ የቆዩ ዝርዝሮች ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ሲገቡ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናሉ፤ አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። ሦስተኛ፣ ከኤክሴል የሚወጣው ሲኤስቪ ፋይል በዩቲኤፍ 8 (በዩኒኮድ የማስቀመጫ ዓይነት) ካልተቀመጠ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ከዚህ በተጨማሪ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ፍለጋን ያሰናክላሉ፤ «ዕቃ» ተብሎ የተመዘገበውን «እቃ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ አላገኘሁም ብሎ እንደገና ይመዘግባል። መፍትሔው ፍለጋው በኮድ እንዲሆን ማድረግና የስያሜ አጻጻፍን ለአንድ ሰው ኃላፊነት መስጠት ነው።

ዘመን አቆጣጠሩም ተጨማሪ ትኩረት ይፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ይህም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጁላይ 8 ነው። ሶፍትዌሩ የበጀት ዓመትን ከወር መሐል እንዲጀምር የማይፈቅድ ከሆነ ይተዉት። ወርሃዊ ሪፖርቱ ደግሞ የፈረንጆቹን ወር ተከትሎ ስለሚቆርጥ የእኛን ወር ከሁለት ይከፍለዋል፣ ጳጉሜንም አያውቃትም፤ ሪፖርት በሚፈለገው ቀን ተጀምሮ በሚፈለገው ቀን እንዲያበቃ ማዘዝ ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ቅድመ ግብርና ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ጋር የሚደረገው ማመሳከር በአገር ውስጥ ባለሙያ የሚስተካከሉ ስለሆኑ አቅራቢው በኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያደረገበትን ሥራ እንዲያሳይ ይጠየቅ።

መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቦታ ሙሉ በሙሉ በደመና ላይ የተመሠረተ ሶፍትዌር ስቶሩን ሊያዘጋ ይችላል። ለዚህ አካባቢ በግቢ ውስጥ የሚቀመጥ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) የተደገፈ አነስተኛ ሰርቨር፣ ኢንተርኔት ሲኖር ቅጂውን ወደ ውጭ የሚልክ ሆኖ ቢዘጋጅ የተሻለ ነው እላለሁ። የንድፍ ፋይሎች ከባድ ስለሆኑም በአካባቢ ኔትወርክ ላይ ቢከፈቱ ዲዛይነሩ አይጉላላም። ቅጂው ግን የግድ ከግቢው ውጭ መኖር አለበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ማሽን በገንዘብ ይተካል፤ የዓመታት ንድፍና የዕዳ መዝገብ ግን በተወሰደው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከነበረ የሚተካበት መንገድ የለም። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ከተማ የሚለው ሕግ ወጪው ትንሽ ነው፤ ቅጂውም በየጊዜው ተከፍቶ መሥራቱ መረጋገጥ አለበት።

የሙከራው ቀን

እጩዎቹን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ካወረዱ በኋላ ለእያንዳንዱ አቅራቢ አንድ ሙሉ ቀን ይስጡ። አቅራቢው የራሱን ማሳያ ይዞ እንዲመጣ አይፍቀዱ፤ በማሳያው ላይ ያለው ብስክሌት ወይም ጠረጴዛ ሁልጊዜ በትክክል ይሠራል። የመውቂያ ማሽንዎን ንድፍ፣ የስቶርዎን እውነተኛ ዝርዝርና ያለፈውን ወር የግዥ ዋጋ ይስጡት። አራቱም ሠራተኞችዎ ይቀመጡ፤ ኪቦርዱን የሚነኩትም እነሱ ይሁኑ።

በቅድሚያ የንድፉ ዝርዝር ወደ ኢአርፒው ይግባና የገባው ከካዱ ጋር በቁጥር ይመሳከር። ከዚያም የወርክሾፑ ኃላፊ ኤሌክትሮድና ቀለም ይጨምርበት። ለ10 ማሽን የምርት ትእዛዝ ይውጣና ሶፍትዌሩ ስንት ቱቦላሬ እንዲገዛ እንዳዘዘ ይታይ። የተወሰነው ዕቃ ከስቶር ከወጣ በኋላ ዲዛይነሩ ሆን ብሎ አንድ ኩሽኔታና አንድ ፑሌጃ ይለውጥ፤ ንድፉ እንደገና ይላክ። በዚህ ጊዜ የተጨመረው ቀለም በቦታው አለን? የተጀመረው ሥራ ምን ሆነ? የግዥ ክፍሉ ማሳወቂያ ደረሰው? ወርክሾፑ የቀድሞውን ንድፍ አሁንም ማተም ይችላል? በመጨረሻ የአንዱ ማሽን ወጪ ይሰላና ሒሳብ ሠራተኛዋ በእጇ ካሰላችው ጋር ታመሳክረው።

ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። ዝርዝር በመግባት ላይ ሳለ የኮምፒውተሩ መብራት ይቋረጥና ሲመለስ ግማሽ የገባ ዝርዝር መኖር አለመኖሩ ይታይ። ቀጥሎም መረጃው ሁሉ፣ ንድፎቹ ከነሪቪዥናቸው፣ በሌላ ሶፍትዌር ሊከፈት በሚችል መልክ እንዲወጣ ይጠየቅ፤ ንድፉ በስቴፕና በዲኤክስኤፍ (ሌላ የተለመደ የንድፍ መለዋወጫ ፋይል)፣ ዝርዝሩ በሲኤስቪ። መውጫው ያልታየ ቤት አይገባበትም። ስቶር ኪፐሩ በቀኑ መጨረሻ ያለ ረዳት ዕቃ ማስገባትና ማውጣት ካልቻለ ሶፍትዌሩ ምንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን ለእርስዎ አይሆንም፤ በየቀኑ መረጃ የሚያስገባው እሱ ነውና።

ዋጋና ውል

የፈቃድ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ሊሆን ይችላል፤ ተከላ፣ የመረጃ ጽዳት፣ ማገናኛ፣ ሥልጠና፣ ሰርቨርና ዓመታዊ ድጋፍ ሲደመሩ እውነተኛው ዋጋ ይታወቃል። በዶላር የሚከፈል ዓመታዊ ክፍያ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በብር እጅግ ስለጨመረ፣ ቀድሞ በበጀት የተያዘው ገንዘብ የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ላይሸፍን ይችላል። የሦስት ዓመቱን ወጪ በብርና ከፍ ባለ ምንዛሪ ጭምር አስልተው ያነጻጽሩ።

በውሉ ውስጥ መረጃው የድርጅቱ መሆኑ፣ ለእርስዎ ተብሎ የተጻፈው የማገናኛ ፕሮግራም ምንጭ ኮድ እንደሚሰጥዎት፣ ኢአርፒው ወይም ካዱ ወደ አዲስ እትም ሲያድግ ማገናኛውን ማን በምን ዋጋ እንደሚያድስ በግልጽ ይጻፍ። ማገናኛዎች የሚሰበሩት አብዛኛውን ጊዜ በእትም ለውጥ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከላይ የተገለጸው ሙከራ በራስዎ መረጃ ተደግሞ ሲሳካ ብቻ እንዲፈጸም ያድርጉ። አቅራቢው አዲስ አበባ ከሆነ ኮምቦልቻ ድረስ የሚመጣበት ሁኔታና ጊዜ ይወሰን። ለዘለቄታው ግን ከድርጅቱ ውስጥ ሁለት ሰው፣ አንድ ከዲዛይን አንድ ከሒሳብ፣ ሶፍትዌሩን እስከ ሥሩ እንዲያውቁ ማሠልጠን የግድ ነው፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይኖራል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ከተማ ውስጥ መሆኑም ለአምራቹ ዕድል ነው፤ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ የምህንድስና ተማሪዎች በኮድ ጽዳቱና በንድፍ ማደራጀቱ ሥራ ላይ ቢሳተፉ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

አጀማመር

ሁሉንም ምርት በአንድ ቀን ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ማስገባት አይመከርም። በሰኔ መጨረሻ የሚደረገው የስቶር ቆጠራ የመነሻ ቁጥሩን ስለሚሰጥ ሐምሌ 1 ቀን መጀመር ከሁሉም ይቀላል፤ በአንድ ምርት ብቻ ይጀመር፣ የቀድሞው የኤክሴል አሠራርም ጎን ለጎን ይቀጥል። በየሳምንቱ መጨረሻ ስቶር ኪፐሩ ከመደርደሪያው ላይ ጥቂት ዕቃዎችን መርጦ ይቁጠርና ሶፍትዌሩ ከሚለው ጋር ያመሳክር፤ ልዩነት ሲገኝ ቁጥሩን ከማስተካከል በፊት ምክንያቱ ይፈለግ፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያልተመዘገበ ብልሽት ወይም በቃል የወጣ ዕቃ ነው። ያ ምርት ንድፉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተለውጦ፣ ዝርዝሩ፣ የስቶር ቆጠራውና የማሽኑ ወጪ ሳይዛነፉ ከወጡ በኋላ ሁለተኛው ምርት ይግባ፤ የመጀመሪያው ምርት የኤክሴል ፋይሎችም ለንባብ ብቻ እንዲከፈቱ ተደርገው በቅጂ ማስቀመጫው ውስጥ ይቀመጡ።